«ቃት»፦ 12 ነጥብ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማህበራችን የዳግም መገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር። ለዚህ የዓመት መጽሐፍ ሲዘጋጅ በመጠኑ ተስተካክሏል።)



ኮሚቴው «ከምረቃ በኋላ ያገኘሽውን ልምድ አካፍይን፣ ሃያ ደቂቃ አለሽ» ሲለኝ ብዙ አሰብኩ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ቀዶ ሕክምና፣ ስለ ሆስፒታል አስተዳደር፣ ስለ ውጭ አገር ኑሮ አውርተዋል። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ስክራብል ነው። አዎ፣ ስለዚያ የፊደል ጨዋታ። አትሳቁ። በተለይ እዚያ ከኋላ የምትስቁት ሁለቱ፣ እስከ ዛሬ ያልከፈላችሁኝ የሻይ ዕዳ አለባችሁ።

ያኔ ላልነበራችሁ ላስረዳ። አንዷ የዶርማችን ልጅ አጎቷ ከአሜሪካ ያመጣላት ስክራብል ነበራት። በሳጥኑ ውስጥ ፊደል የተጻፈባቸው 100 ትናንሽ የእንጨት ቁራጮች መኖር ነበረባቸው፤ እኛ ጋ ሲደርስ 97 ሆኗል። የጠፉትን ሦስቱን ከመድኃኒት ካርቶን ቆርጠን ተካን። መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሰን፣ ፈተና ሲያልቅ ደግሞ እስኪነጋ እንጫወት ነበር። ተሸናፊ ሻይ ይጋብዛል።

ጨዋታው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ፊደል ይይዝና 15 በ15 በሆነ ሰሌዳ ላይ ቃል ይሠራል። ሁሌ የሚመጡት ፊደላት አንድ አንድ ነጥብ አላቸው፤ ብርቅ የሆኑት እስከ 10 ይደርሳሉ። ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ያወረደ 50 ነጥብ ይጨመርለታል። የፈለሰፈው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ፈትቶ ሳለ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንቴ እንደሚመጣ ቆጠረ፣ በዚያ መሠረት ዋጋ ሰጠ። ስክራብል የሚለውን ስም ያገኘው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነበርኩ። የኔ እንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የመጡት ልጆች ፊልም የሚያዩበት፣ የሚቀልዱበት እንግሊዝኛ ነበራቸው። እኔ አናቶሚ ላይ ያነበብኩትን ረጅም ቃል ልሥራ ብዬ ሰባት ፊደሌን አቅፌ ስጠብቅ፣ እነሱ በአጫጭር ቃላት ሰሌዳውን ሞልተው ይጨርሳሉ። በአንድ ሴሚስተር የከፈልኩትን ሻይ ብታጠራቅሙት ሲሩዬ የሚሞላ በርሜል ይወጣው ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ብዙ እንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ሳይሆን ያልተለመዱ ቃላት የሚያውቅ ሰው ነው። በተለይ አጫጭሮቹን። ስለዚህ ደብተር ገዛሁና በአራት ከፈልኩት።

መጀመሪያ ባለ ሁለት ፊደል ቃላት። እነዚህ ከመቶ በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹን የእንግሊዝ ሰው ራሱ በሕይወቱ ተናግሯቸው አያውቅም። ጥቅማቸው ግን ትልቅ ነው። አንድ ቃል ከሌላ ቃል ጎን ለጎን ስታስቀምጡ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ትንሽ ቃል ይፈጠራል፤ ያቺ ትንሽ ቃል በመዝገቡ ካለች ነጥቡ በሁለት በኩል ይቆጠርላችኋል። ሁለተኛ፣ በአንድ ቃል ፊት ወይም ኋላ አንድ ፊደል ቢጨመር የትኛው ቃል ወደ ሌላ ቃል እንደሚለወጥ። ሦስተኛ፣ ባለ ሰባት ፊደል ቃል ለመሥራት የሚመቹ መጨረሻዎች። አራተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ኪው የሚለው ፊደል ያለባቸው ግን ዩ የሌለባቸው ቃላት። ኪው 10 ነጥብ አለው፣ በሳጥኑ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ዩ ካልያዛችሁ ግን እጃችሁ ላይ ይቀርና ጨዋታው ሲያልቅ 10 ነጥብ ያስቀንሳችኋል። ሌሎቹ ኪው ሲደርሳቸው ያለቅሳሉ፤ እኔ ደብተሬን ካጠናሁ በኋላ ኪው ሲደርሰኝ መሳቅ ጀመርኩ።

ዓለም አቀፍ ሻምፒዮኖቹም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ኒውዚላንዳዊው ናይጄል ሪቻርድስ በ2015 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይኛውን የዓለም ውድድር አሸነፈ። ፈረንሳይኛ አይናገርም! መዝገበ ቃላቱን ጥቂት ሳምንታት አጠናና ሄዶ አሸነፈ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ የስፓኒሹን፣ እሱንም ሳይናገር። በዚያው በ2015 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ የእንግሊዝኛውን የዓለም ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

እንግዲህ ይህ የሪቻርድስ ነገር ነው ዛሬ ልነግራችሁ ወደፈለግሁት የሚያመጣኝ። ቃሉን ማወቅ፣ ትርጉሙን ግን አለማወቅ። ለሰሌዳው ይበቃል። ለእኛ ሙያስ?

ደብተሬ ውስጥ የኪው ቃላት ዝርዝር ነበር። በልቤ ነው የማውቀው። ያኔ ግን የገረመኝ ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ሳየው ይገርመኛል። ኪው ያለ ዩ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ከዓረብኛ በወሰዳቸው ቃላት ነው፤ የዓረቡን ቃፍ ፊደል በኪው ስለሚጽፉት። ቃዲ፣ ዳኛው። ኒቃብ። ፈቂር። እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ የስክራብል መዝገብ ውስጥ አሉ። የአገራችንም ቃላት አሉ፤ ብር አለ፣ ጤፍ አለ፣ ንጉሥ አለ፣ ጭላዳችን «ጌላዳ» ተብሎ ገብቷል። እኔ ሁሉንም የማውቃቸው በነጥባቸው ነበር።

ከሁሉ የምወዳት ቃል ግን ሦስት ፊደል ነበረች፤ ኪው፣ ኤ፣ ቲ። ቃት። 10 እና 1 እና 1፣ 12 ነጥብ። ቀዩ ቤት ላይ ካረፈች 36። ቃት ማለት በዓረብኛ ጫት ነው። ስዊድን ተምሮ የመጣው የሊኔየስ ተማሪ ፔትር ፎርስኮል የመን ላይ ዕፅዋት ሲሰበስብ በ1763 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ፤ በ1775 እ.ኤ.አ. በታተመለት ሥራው ለተክሉ የሳይንስ ስም ሲያወጣ «ካታ» ያለው ከዚሁ ቃል ነው። ፋርማኮሎጂ ላይ የተማርነው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገርም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ ለይተው ያወቁት በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ይኸን ሁሉ ለፈተና አጥንቼ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። በቃት ብቻ ስንት ሻይ እንደጠጣሁ ደግሞ የዶርሜ ልጆች ይመስክሩ።

ተመረቅን። ዕጣ ወጣ። የእኔ ዕጣ ምዕራብ ሐረርጌ ሆነ።

አዋሽን አልፋችሁ፣ የሚኤሶን ሜዳ ጨርሳችሁ የጨርጨርን ተራራ ስትወጡ አየሩ ይለወጣል። አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ በቀደመ ስሟ ጭሮ የምትባለው ከተማ፣ እዚያ ተራራ ሥር ናት። ከዚያ ወደ ሂርና፣ ወደ ገለምሶ፣ ወደ መሰላ ብትሉ በየተዳፋቱ የምታዩት ማሽላ፣ ቡናና ጫት ነው። ጫቱ እንደ አትክልት በመስመር ተተክሎ፣ መሬቱ ተደርድሮ። ጠዋት ተቆርጦ በኮባ ተጠቅልሎ፣ መኪናው እንደ አምቡላንስ ነው የሚበረው። ለምን እንደሚበር መጽሐፉ ነግሮኛል፤ ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉን ያጣል። ባለ 12 ነጥቧን ቃሌን በአገሯ አገኘኋት ብዬ ሳቅሁ። ለጓደኞቼም ደብዳቤ ጻፍኩ።

አንድ ምሽት ከመሰላ አንድ ወጣት መጣ። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል። በዚያ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ተኝቶ እግሩ በክብደት ተጎተተ፤ ታውቁታላችሁ፣ ለሳምንታት ጀርባ ላይ መተኛት ነው። ገበሬ ነው፣ አባቱ አጠገቡ አሉ። ሁለት ቀን ደህና ነበር። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ዋርዱን በጩኸት ቀሰቀሰው። ሲንፈራገጥ ክብደቱ ወልቋል፣ ላብ አጥምቆታል። እኔ ዲውቲ ነበርኩ። ዳያዜፓም ሰጠሁት፣ ተኛ። በማግሥቱ ሌሊት እንደገና። ካርዱ ላይ «የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የጭንቅላት ጉዳትም ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። ፌኖባርቢታል ጀመርኩለት። ለአባቱም በአስተርጓሚ ነገርኳቸው። «የሚጥል በሽታ ይመስላል፤ ለአንጎል ምርመራ አዲስ አበባ ሪፈር እንጽፋለን» አልኳቸው። አባትየው ምንም አላሉም። ወደ ሰፈራቸው ሰው ላኩ፤ በሬ ሊሸጡ ነው።

በሦስተኛው ጠዋት ዋርዱን የምታጸዳው እናት መወልወያዋን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ስትፈራኝ ያስታውቃል። «ዶክተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ይህ ልጅ ዱካክ ነው እኮ የያዘው» አለችኝ።

«ምን ያዘው?»

«ዱካክ። ጫቱን አቁሟል አይደል?»

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዱካክ ማለት በየቀኑ ጫት የሚቅም ሰው ድንገት ሲያቆም ሌሊት ሌሊት የሚመጣበት አስፈሪ ቅዠት ነው። እዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ወደ ልጁ ሄድኩ፣ አስተርጓሚውን ጠራሁና መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁ። ሌሊት የሆነውን ታስታውሳለህ? አዎ፣ ሁሉንም ያስታውሳል። ሰዎች እግሩን ይዘው ወደ ገደል ይጎትቱታል፤ ሊጮህ ሲል ድምፁ ይታፈናል። ሲቀሰቅሱት ወዲያው ይነቃል፣ አባቱን ያውቃል። ምላሱ አልተነከሰም፣ ሽንት አላመለጠውም። ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ይቅማል? ከልጅነቱ። የመጨረሻው መቼ ነው? መኪናው ላይ ሳለ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንኳን ይኸን ታሪክ ቢሰማ የሚጥል በሽታ አይልም። እኔ ግን ታሪኩን አልጠየቅሁም። ጫትን የማውቃት በ12 ነጥብና በካቲኖን ነበር።

መድኃኒቱን አቆምኩ፣ ሪፈሩን ቀደድኩ። በሬው አልተሸጠም። ሌሊቱም ቀስ በቀስ ተረጋጋ። እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ታሪክ ነበር።

አልጨረሰም። «የሚጥል በሽታ» የሚለው የእኔ ቃል ከበሬው ቀድሞ መሰላ ደርሷል። ልጁ የታጨችለት ልጅ ነበረች። ቤተሰቧ ሰምተዋል። ስክራብል ላይ የተሳሳተ ቃል ስታወርዱ ባላጋራችሁ ይቃወማችኋል፣ መዝገብ ይታያል፣ ፊደላችሁን ሰብስባችሁ ትመልሳላችሁ፤ የምታጡት ተራችሁን ብቻ ነው። ሐኪም የተናገረው ቃል ግን አይሰበሰብም።

ልጁ ከወጣ በኋላ፣ አንድ የክትባት ዘመቻ ወደዚያ ሲሄድ አብሬ መሰላ ሄድኩ። አንድ የአካባቢው ተወላጅ ነርስ አስተርጓሚ ሆኖልኝ እቤታቸው ገባሁ። አባትየው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፣ ሽማግሌዎችም ነበሩ። በወተት የተፈላ ሆጃ ቀረበልኝ። ቆሜ «ልጁ የሚጥል በሽታ የለበትም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ነርሱ ሲተረጉም «እኔ» የምትለዋን ቃል ዘለላት፤ አከበረኝ መሰለኝ። እንደገና በል አልኩት፣ አለ። አንድ ሽማግሌ «ሐኪም መጥቶ ተሳሳትኩ ሲል ዛሬ አየን» አሉ፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። የልጅቷ ቤተሰብ ግን በዚያ መካከል ሌላ ቤት አይተው ነበር። እሱን መመለስ አልቻልኩም።

ያን ቀን ማታ ደብተር አወጣሁ። የዶርሙን ደብተር አይደለም፣ አዲስ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዱካክ ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ ትርጉሙን፣ ከትርጉሙ ጎን ደግሞ የነገረችኝን ሰው። ከዚያ ጀምሮ ቃል ስለቅም እንዲህ ነው የምጽፈው። ባርጫ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚቅምበት ጉባዔ። ምርቃና። ሐራራ፣ ጫቱ ሲዘገይ ሰውነት የሚጠይቀው። ገረባ፣ የሚጣለው ቅጠል፤ ብር የሌለው ሰው የሚቅመው። ኢጃ በና፤ በኦሮምኛ «ዓይን መክፈቻ» ማለት ነው፣ ጠዋት ሌላ ነገር ሳይቀመስ የሚቃመው።

ሐኪሞች፣ ይኸን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ኬጅ የምንለውን የአልኮል መጠይቅ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ አራት ጥያቄ ነው። አራተኛው «ጠዋት ስትነሳ ዓይንህን ለመግለጥ ትጠጣለህ ወይ?» የሚለው ነው፣ በእንግሊዝኛም ስሙ ዓይን መክፈቻ ነው። የጨርጨር ገበሬ ያንኑ ምልክት በራሱ ቋንቋ፣ በዚያው ምሳሌ ሰይሞታል። ከዚያ በኋላ «በቀን ስንት እስር ትቅማለህ?» ብዬ መጠየቅ ትቼ «ኢጃ በና ታደርጋለህ?» እላለሁ። ሰውየው ፈገግ ይላል፣ ከዚያ እውነቱን ይነግረኛል። ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ ሰው ሌሊት ምን ሊሆን እንደሚችልም አስቀድሜ ለነርሶቹ እነግራለሁ።

ታዲያ ስክራብሉስ ቀረ? አልቀረም። እዚያው ሐረርጌ ሳለሁ፣ ዲውቲ ክፍል ውስጥ ከነርሶቹና ከላቦራቶሪው ልጅ ጋር የአማርኛ ስክራብል ሠራን። ላስረዳችሁ፣ ልጆቻችሁ ቤት ሊሠሩት ይችላሉ።

የመጀመሪያው ችግር ፊደላችን ብዙ መሆኑ ነው። 33 ቤት በ7 ብታባዙት 231 ነው፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ቁራጭ ብናደርገው ሰባት ይዞ ቃል መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ቁራጩ ላይ ግዕዙን ብቻ ጻፍን፤ መ የያዘ ሰው መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞ ብሎ ሊያነበው ይችላል። ሌላ ቃል በዚያ ላይ ሲሻገር ግን የመጀመሪያው ተጫዋች ያለው ድምፅ ይጸናል። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አደረግን፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ናቸው፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። 28 ቤት ቀረ።

ነጥቡን ለመስጠት እንደ በትስ ጋዜጣ ዘረጋን። የአዲስ ዘመንን የፊት ገጽ ቆጠርን። የ በጣም በዛ። ከዚያ ሳስበው ለካ «የመንግሥት»፣ «የሚኒስቴሩ» እያለ ስለሚሄድ ነው! እኛ ደግሞ የ፣ በ፣ ለ እና «ዎች» የመሳሰሉ ቅጥያዎችን ከልክለን ነበር፤ ስለዚህ የ ን ቀነስናት። ጰ፣ ዠ እና ፐ ትልቁን ነጥብ አገኙ።

በእንግሊዝኛው የተማርኩት ዘዴ በአማርኛው ግማሹ ብቻ ይሠራል። በአማርኛ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ብርቅ አይደለም፤ ኃይሉ ያለው ባለ ሦስት ፊደል ሥር ላይ ነው። መ፣ ከ፣ ረ ብትይዙ ምን ታወጣላችሁ? ምክር። መከራ። ምርኮ። ክምር። ከርሞ። በሦስት ቁራጭ! ምክር እንቢ ያለን መከራ ይመክረዋል የሚለው ተረታችን ከእነዚሁ ከሦስቱ ፊደላት ነው የተሠራው። ጥሩ ተጫዋች ፊደላቱን እያገላበጠ ሥር ይፈልጋል፣ ከዚያ ድምፁን ይለዋውጣል።

ብርቅ ለሆኑት ፊደላት ግን አሁንም ያልተለመደ ቃል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እኛ ሐኪሞች ሀብታም ነን፣ ሳናውቀው። ቀ ሁለቴና ቸ ደረሰባችሁ? ቋቁቻ። ጨ አስቸገራችሁ? ጭርት፣ ጨብጥ፣ ቁንጭር። ኘ? ኩፍኝ፣ ቂጥኝ። ቸ እና ፈ ብቻ ቀሩ? ችፌ። ዠ ይዛችሁ የምታለቅሱ ከሆነ በሽተኛው በየቀኑ የሚነግራችሁን አስታውሱ፤ «ዓይኔን ብዥ ይለኛል»። ብዥታ። እነዚህን ቃላት የትምህርት ክፍላችን አላስተማረንም። ጎንደር ላይ፣ ቃል ሲመዝኑ የሚያድሩ የቅኔ ተማሪዎች ባሉበት ከተማ ተቀምጠን፣ እኛ የሩቅ አገር ቃል ስንለቅም ነበር የምናነጋው።

ዳኛችን የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመው። አንድ ምክር ልስጣችሁ፤ መጽሐፉ ቃላቱን የሚደረድረው በአበገደ ተራ እንጂ በሀለሐመ አይደለም። መጀመሪያ ያደናግራል፣ በኋላ ግን ሌላ ቃል ፍለጋ ገብታችሁ አሥር ቃል ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

አንድ ሕግ ግን ከእንግሊዝኛው የለየነው አለ። ያልተለመደ ቃል ያወረደ ሰው ትርጉሙንና ከማን እንደሰማው መናገር አለበት። መዝገቡ ውስጥ ቢኖር እንኳን፣ ካልተናገረ ተራውን ያጣል። መዝገቡ ውስጥ ባይኖርና ሰውየው ከተናገረ ደግሞ ይጸናል። ሕጉን «የመሰላ ሕግ» ነው የምንለው። ናይጄል ሪቻርድስ በእኛ ሰሌዳ ላይ ሻይ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ይህ ሕግ ሰውን እንዴት እንደሚያጫውት ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ከጎጃም የመጣች ነርስ ደ፣ ፈ፣ ነ፣ ተ አወረደች። ዳፍንት። ምንድን ነው አልናት። «አያቴ፣ ሲመሽ የማያይ ሰው ዳፍንት ይዞታል ትል ነበር፤ ዶሮ ነው የሚሉትም አሉ፣ ዶሮ ማታ አታይምና» አለች። ጻፍኩ፣ ከጎኑ የነርሷን አያት። ከዓመታት በኋላ ሰሜን ሳለሁ አንዲት እናት ልጇን ለተቅማጥ አመጣችው። ልትወጣ ስትል፣ በር ላይ ሆና፣ «ደግሞ ዳፍንት ነገር አለበት» አለች። እንደ ዋዛ ነው ያለችው፤ የምትጠብቀውም መልስ አልነበራትም። ቃሉን ባላውቅ «እሺ፣ በቀጠሮሽ ተመለሺ» ብዬ እሸኛት ነበር። ጠርቼ መለስኳት። ሲመሽ በግድግዳ እየተደገፈ ነው የሚሄደው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ነበር፤ ዓይኑ ሳይጎዳ በጊዜ ሰጠነው። ከዲውቲ ክፍል ጨዋታ ያገኘሁት ትልቁ ነጥብ ይህ ነው።

እንግዲህ ጊዜዬ አልቋል፣ ኮሚቴው እያየኝ ነው።

ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ስክራብል መጫወት የሚፈልጉ ልጆች ካሏችሁ ያልተለመዱትን ቃላት ያጥኑ፤ በእርግጥ ያሸንፋሉ። ሁለት ፊደል ያላቸውን ይጀምሩ፣ ኪውን አይፍሩ፣ ቃትን አይርሱ። ከዚያ ግን ስለ እያንዳንዷ ቃል «ይህ የማን ቃል ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ለእናንተ ለባቼ ልጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ዕጣ ወጥቶ ወደ አፋር፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ቦረና፣ ወደ ሰቆጣ ተበትነን ነበር። አሁን ደግሞ ውጭ አገርም ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሁላችሁም አንድ ቦታ ላይ አንድ ቃል ሳታውቁ ቀርታችኋል፤ አንድ ሰው፣ ምናልባትም መወልወያ የያዘ ሰው፣ ነግሯችኋል። ለሚቀጥለው መገናኘታችን ያቺን ቃል ይዛችሁ ኑ። ከትርጉሟ ጋር፣ ከነገራችሁ ሰው ጋር። ቀጥሎ ለሚመደቡት ወጣት ሐኪሞች በአንድ ትንሽ ደብተር እናሳትማት። የእኔ ተዘጋጅታለች፤ ዱካክ ናት። የነገረችኝ ዋርዱን የምታጸዳው እናት ናት። ያን ጊዜ ስሟን ሳልጠይቃት ወጣሁ፤ እሱ ደግሞ ሌላው ጥፋቴ ነው።

እዚያ ከኋላ ያላችሁት ሁለቱ፣ ሻዩን ዛሬ ትከፍላላችሁ።